ግማሽ አይደለም

ሥራዬ ሚዛን ነው። ሃያ ሦስት ዓመት
የንግድ ቢሮን ማኅተም ይዤ ስዞርበት፣
ከአሞራ ገደል ዓሣ እስከ ሽንኩርት መደብ
ያጎደለን ስቀጣ፣ የሞላን ስመዘግብ፣
በዛገ ሰሃን ላይ ሃምሳ ግራም ሸፍጥ
ከሩቅ ታየኛለች፣ መርፌዋ ስትናጥ።

በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሳይክሌ ቢተነፍስ
ላስለጥፍ ብዬ ባሪሶ ደጅ ስደርስ፣
ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ አንድ ነገር ቆሟል፤
ኮርቻ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ቀሪው የት ገብቷል?

«ግማሹስ?» አልኩት።
ባሪሶ ግሪስ ባጠቆረው እጁ አፉን ይዞ ሳቀ።
«ግማሽ አይደለም፣ ጋሼ። ሙሉ ነው።
ከሰርከስ ልጆቹ፣ ሲበተኑ፣ እኔ ጋ የቀረ ነው።»

ሙሉ ነው ያለው ቃል ቤት ድረስ ተከተለኝ።
ባለፈው ሰኔ ነው ፍርድ ቤት ያካፈለኝ፤
ስድስቱ ወንበር ሦስት፣ አልጋው በዕጣ ሆኖ፣
ማንኪያው ሳይቀር ግማሽ፣ ግማሽ ተመዝኖ።
በማግሥቱ ሄጄ ዘጠኝ መቶ ብር ከፈልኩ።
«ለልጅዎ ነው?» አለኝ ባሪሶ። «አዎ» አልኩ።
ልጅ የለኝም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ባጃጅ ሳይነሳ፣
በጆንያ ሸፍኜው እንደ ስርቆት ዓሣ
ወረድኩ ሐይቁ ዳር። ምሰሶ በግራዬ አቅፌ
ወጣሁ ኮርቻው ላይ፣ ጸሎቴ በአፌ።
መሪ የለው! እጄ የሚጨብጠው አጣ፤
ፍሬን የለው! ወደፊት ስል ወደ ኋላ መጣ።
ወደቅሁ።
ተነሳሁ፣ ወደቅሁ።
አንድ አባ ኮዳ ብቻ ነበር የታዘበኝ፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ በራውን ደፍቶ የሚያየኝ፤
አንዱን እግር ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣
በአንዱ ቆሞ፣ ሁለቱን እግሬን ታዝቦ፣
ክንፉን አራገፈ።

ኅዳር እንዲህ አለፈ። ቢሮ ሳነክስ
«ሪህ ነው» እላለሁ፣ ጸሐፊዋ «ይማርዎት» ስትል፣ ሳለቅስ ስስቅ።

ታኅሣሥ ላይ ዱካሌ መጣች፣ ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ፤
ደብተሯን አቅፋ ቆማ አየችኝ፣ አየችና
«ኮርቻው ላይ ያለው ጭረት የኔ ነው» አለች፣ «ገና
የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ወድቄ።»
እንካት ብዬ ዘረጋሁ። አልወሰደችም።
በዓይኗ ግን ስትዳብሰው ነበር፤ አልደበቀችም።
«ጋሼ፣ እርስዎ ቀጥ ብለው ሊቆሙ ይታገላሉ።
ማን ቆመ በዚህ ነገር? የቆሙ ይወድቃሉ።
ወደፊት ይውደቁ።
እየወደቁ ይርገጡ፤ ጎማው ከሥር ይደርሳል።»
«ካልደረሰስ?»
«ካልደረሰ አስፋልቱ ይደርሳል።»

ሃያ ሦስት ዓመት ለነጋዴ የነገርኩት
«መርፌው ጸጥ እስኪል ጠብቅ» ነው፤ እንደ ወንጌል የሰበክሁት።
ጸጥታ ነበር ሚዛን ለእኔ፤ ያልተነቃነቀ፣ የረጋ፣
እንደ ማታ ቤቴ፣ እንደ ሦስቱ ወንበር፣ እንደ ሰፊው አልጋ።

ጥር ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ምሰሶውን ለቀቅሁ፤
ደረቴን ለሐይቁ ነፋስ ሰጠሁና ወደቅሁ፣
ወደቅሁ ወደፊት፣ ጎማው ከሥሬ ደረሰ፤
ደግሜ ወደቅሁ፤ ደግሞ ደረሰ።
አራት ምሰሶ! ከጀልባ ላይ አንዱ ፉጨቱን ለቀቀው፤
አባ ኮዳም ያን የሰበሰበውን እግሩን አወረደው።

ይሄኔ ብርቄ፣ ባለፈው ወር የቀጣኋት ባለ ሽንኩርት፣
ከጋሪ ላይ ሆና፣ ድምጿን ከሩቅ ሰማሁት፦
«ጋሽ ኤርጫፎ! የእርስዎ ሚዛን ተመርምሯል? ማኅተሙስ የታል?»

መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ፣ ምላሴ ጫፍ የደረሰ።
ግን ዞር ያለ በጎን ይወድቃል፤
በጎን ለወደቀ ጎማ አይደርስለትም።
ስለዚህ ዝም ብዬ፣ ዓይኔን ታቦር ላይ ተክዬ፣
ወደፊት፣
ትንሽ ወደፊት
ወደቅሁላት።