ሬዲዮው

ከታርቱ ደወልኩኝ፣ ባሕር አሻግሬ፣
ፎርሙን ከእርሳስ ጋራ ፊት ለፊት ደርድሬ።
«ላይዳ ነኝ፤ ቶሎ በይ፣ ሾርባ ጥጃለሁ።»
«እሺ፣ ወይዘሮ ላይዳ፤ አምስት ቃል እላለሁ፦
ጀልባ፣ ጨው፣ መሰላል፣ ጓንት፣ ደወል፤ በቃ።
ጽፈው እንዳይዙ፤ ልብ ነው የቃል ዕቃ።»

«ከመቶ ላይ ሰባት?» «ዘጠና ሦስት።»
«ከዚያስ?»
«ሰማንያ ስድስት።»
«ከዚያስ?» ስል፣ ከጀርባ፣ በሹክሹክታ፣ ድንገት
የሽማግሌ ትንፋሽ፦ «ሰባ አራት በያት!»
«ሰባ ዘጠኝ» አሉ፣ እንዳልሰሙ ሆነው።
«አሁን ወሩ ማነው?» «ፌብሩዋሪ ነው፤
ባሕሩ ረግቷል፣ ደሴቱ ከየብስ ገጥሟል፣
በጀልባው መንገድ ላይ መኪና ይሄዳል።»
ደግሞ ያ ሹክሹክታ፣ ሊያግዛት ቸኩሎ፦
«ኦገስት ነው በያት! ድርቆሹ ሜዳ ውሎ
ሊዘንብበት እኮ ነው!»

ሦስታችን ዝም አልን። ሾርባው ይንተከተካል።
«ሬዲዮ ነው» አሉኝ፤ «አንዳንዴ ይጮኻል።»
ቀጥለው በቀስታ፣ የስልኩን አፍ ይዘው፣
«ኤልማር፣ ተቀመጥ፣ የኔ ጌታ»፤ ለሬዲዮው።

አምስቱንም ቃላት፣ አንድ ሳያጎድሉ፣
ደወልን አስቀድመው መለሱልኝ ሁሉ።
ሙሉ ነጥብ ሞላሁ፤ ግን ፎርሙ ላይ የለም
ለሚያንሾካሽክ ሰው አንድ ሳጥን እንኳ፣ ምንም።

«ነገ ብደውልስ… ሬዲዮውን ላናግር?»
ማንኪያው ድስቱን ዞረ፤ ቆየ ሳይናገር።
«ጠዋት ደውይ» አሉኝ።
«ጠዋት ይሻለዋል።»