ዛሬ ምንም

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ይጨልማል ታርቱ፤
ወንዙ በረዶ ነው፣ ደብዝዟል መብራቱ።
ኪሴ ውስጥ ዝርዝር አለ፤ ጠዋት የጻፍኳቸው
አሥራ አንድ ሥራዎች፤ ሁለቱን ጨረስኳቸው፣
ዘጠኙን ለነገ በአደራ ሰጠኋቸው፣
ነገም ለከነገ ወዲያ ሊያወርሳቸው።

ሄልዩን ቀበርናት። ጠረጴዛዋን እንዳጸዳ ተልኬ
መሳቢያዋን ከፈትኩ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ።
አርባ ዓመት የአንዲት ደሴት ቃላት ለቀመች፤
መዝገበ ቃላቷን «ኬ» ላይ አድርሳ ሞተች።
ምሥጢሯን ፈለግኩ፦ በስንት ሰዓት ነቅታ?
ጊዜን እንደ በቅሎ በምን ልጓም ገርታ?

ደብተሯ እንዲህ ይላል፦
«ማክሰኞ። ዛሬ ምንም። ተቀመጥኩ።
ረቡዕ። ዛሬም ምንም። እርሳስ ቀረጽኩ።
ሐሙስ። አንድ ቃል፤ መረብ ሲደርቅ የሚያሰማው ድምፅ።
ዓርብ። ተሳስቻለሁ። ሰረዝኩ።»

እኔ ክንፍ ስፈልግ፣ ያላት መቀመጫ፣
ከባዶ ወረቀት ጋር ዓይን ለዓይን መፋጠጫ።

ከደብተሩ ሥር ግን፣ ማሸጊያው ሳይነካ፣
የልጇ ደብዳቤ ስድስት ዓመት ተኝቷል ለካ።
ይህን ትምህርትሽን፣ መምህሬ፣ ይቅር በዪኝ፣ አልወስደውም።

ዝርዝሬ ላይ የሌለ አሥራ ሁለተኛ ሥራ፦
ደወልኩ ለወንድሜ።
ከዚያ ተቀመጥኩ።
ምንም።
እርሳሱን ቀረጽኩ፣ ደግሜ ደግሜ።