ዘጠና ዘጠነኛው ዙር

ከሰልከርክ ጎዳና፣ ከአሮጌ ዕቃ መደብር፣
በአርባ አምስት ዶላር ገዛሁት፣ ከነአቧራው፣ ከነገመዱ ጭምር።
ሽማግሌው ኮዋልቹክ ሆዱን እንደ ሐብሐብ አንኳኳና
«ይሠራል» አለኝ፤ «ረጅም ነገር ግን አይወድም።»
ዊኒፔግ ነው፤ ጥር ነው፤
ከብርዱ በቀር ማን ረጅም ነገር ይወዳል?
ስቄ ወጣሁ።

ቀን የሰው ቤት ማሞቂያ እጠግናለሁ፤
ማታ ምድር ቤት ወርጄ ከከበሮ ማሽኔ ጋር እገጥማለሁ።
አሥራ ስድስት ቤት አለው፣ በየቤቱ አንድ ቀይ መብራት፤
ቤት ሲመታ ያድራል፣ እንደ ደህና ገጣሚ፣ ሳይስት አንዲት።
የእኛ ጭፈራ ግን ቆጠራው አሥራ ሁለት፤
አራቱ ቤት ተከራይ አጥቶ
ጨለማ ውስጥ ያድራል፣ በሩ ተዘግቶ።
ያም ይሁን።
የዙሩ ልክ ግን ዘጠና ዘጠኝ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የለም፤
ቢለካ ቢሰፈር ደቂቃ ተኩል።
በደቂቃ ተኩል ሙሽራ ከወንበሯ እንኳ አትነሣም።

«እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ይላሉ።
ፍራሹ ካጠረስ?
ታጥፎ ይተኛል እንጂ እግር አይቆረጥም።
አንድ ሌሊት ሙሉ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ ሙሉ አሰብሁ፤
ሁለቱን ገጽ ሰፍቼ ሠላሳ ሁለት ቤት አደረግሁ፤
ፍጥነቱን በግማሽ ቆረጥሁ፤
ምቱን፣ እንደ ሚኒባስ ረዳት፣ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ!» ብዬ
በአንድ ዙር ወንበር ሁለት ዙር ጫንሁ።
ማሽኑ ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤
እኛ ላዩ ላይ እንሮጣለን።
እሱ አንድ ሲል እኛ ሁለት።
ምነው የመብራት ቆጣሪዬም እንዲህ በሆነ!

ሦስት ደቂቃ አገኘሁ።
ሦስት ደቂቃ እንቁላል ይቀቅላል እንጂ ሠርግ አይደግስም።
ስለዚህ ዘፈኑን ለሁለት ገመስሁት፤ ፩ እና ፪፣ ከዚያ እንደገና ፩፤
አንዱ ሲያልቅ ማቆሚያ፣ ማዞሪያ፣ ቁጥር፣ ማስጀመሪያ፤
አራት ጣት፣ ሁለት ሰከንድ።
በመካከል አጥናፉ ኪቦርዱን ተጭኖ ይይዛል፣
የተቀደደ ሱሪውን በመዳፉ እንደሚሸፍን ሰው።
ሦስት ሳምንት ተለማመድን፣ ጓንት አድርጌ ሳይቀር።

የፍሬሕይወት ሠርግ። ሳርጀንት መንገድ ያለው አዳራሽ።
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፤ ውስጡ ላብ።
ዘጠና ስምንት።
ዘጠና ዘጠኝ።
ጣቴ ሳተ።
ማሽኑ በትንሿ መስኮቱ «ሙሉ ነው» ብሎ ጭር አለ፤
አርባ ትከሻ አየር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።
የአጥናፉን ዓይን አላየሁም፤ ቃጠሎው ተሰማኝ እንጂ።

ያኔ ከኋላ፣ ከካፖርቱ ክምር አጠገብ፣
ወይዘሮ ውድነሽ፣ የበረዶ ቦቲዋን ሳታወልቅ እንደቆመች፣
ጧ።
ጧ ጧ።
እጇ ከማሽኑ ትንሽ ይዘገያል፤
እንደሚያነክስ፣ ግን እንደማይወድቅ እግር።
አዳራሹ ሁሉ ተከተላት።
ልይዛት ማዞሪያውን ነካካሁ፤ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ አራት፤
አንዳንዴ በሁለቱ መካከል ነበረች፣ ቁጥር በሌለበት።
ጠበቅኋት።
ከዚያ ቀስ ብዬ ገባሁ፣
ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ እንግዳ።

ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ፦
«ጎሽ! እዚያ ጋ ዝም ብለህ ለእኛም ቦታ ተውክልን።
ባለፈው ሠርግ ያ ዕቃህ አፍ አልሰጠንም።»
«አዎ» አልኋት። ምን ልበል?

የእህቴ ልጅ ናሆም «ኮምፒውተር ግዛ» ይለኛል፤
ወሰን የለው፣ እስኪነጋ ይመታል።
እውነቱን ነው።
እኔ ግን በማሽኑ ግንባር፣ በወረቀት ፕላስተር ላይ፣
በእስክሪብቶ ጽፌ ለጥፌአለሁ፦
፩ — መግቢያ
፺፱ — ውድነሽ
፪ — ስትጨርስ