ሃያ ሰከንድ

ፊሽካው የኔ ነበር፤ ሰዓቱም፣ ነጥቡም፣ ጥቁርና ነጭ ሸሚዙ፣
መቶ ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው የዘንድሮው ደንብ መዘዙ።
ኤስካናባ፣ ከሐይቁ ዳር፣ መጋቢት ገብቶም በረዶ፤
የትምህርት ቤቱን ጂም ሞላው ወላጅ ከየመንደሩ ማልዶ።

ኢንከሪ ላህቲ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ መነጽሯ በፕላስተር የተያዘ፣
ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ፣ ጣቷ በብረት እየደነዘዘ፣
ለቃሚ ሮቦት ሠራች፤ ሰፊ አፍ፣ ለስላሳ ምላስ፣
እንደ ዶሮ ጥሬ ለቅሞ ማያስተርፍ አንዲት ኳስ።

ታዲያ ደንቡ ምን ይላል?
አንድ ኳስ፣ አንድ ነጥብ።
በመጨረሻው ሃያ ሰከንድ ብረት ጨብጦ ለተንጠለጠለ፣
ሠላሳ።
ሠላሳ!
ሁለት ደቂቃ ጥግ ቆሞ፣ እጁን አጣጥፎ የዋለ፣
ሲያልቅ አንዴ ከተሰቀለ፣
ከለቃሚው በልጦ ገባ፤ ጂሙ ሙሉ ጮኸለት፤
እኔም፣ ደንብ ነውና፣ ሠላሳውን ጻፍኩለት።

ቆይ፣ ይኼ ብቻ አይደለም።
አጋር በዕጣ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ኮምፒውተሩ ያውቃል።
የኢንከሪ አጋሮች፣ የኒጎኒ ልጆች፣ የባትሪያቸው ገመድ ወልቋል፤
ሮቦታቸው ቢጫው መስመር ላይ ድንጋይ ሆኖ ደርቋል።
መስመር ለነካ ቅጣት፣ በየአምስት ሰከንዱ፣ ለጥንዱ፤
የሞተ በምን እግሩ ይነሣ? አይልም ደንቡ፣ ዝም ነው ሆዱ።
ስምንት ጊዜ እጄን አነሣሁ።
ስምንት ጊዜ ዓይኗን ሸሸሁ።
ሃያ ስድስት ኳስ ለቀመች፣ ቀኑን ሙሉ ከታየው ትልቁን፤
ሰሌዳው ግን የሚያውቀው ሌላ ነው፣ መሰቀሉንና መውደቁን።

«አንቀጽ ሠላሳ አንድን ማን ጻፈው?» አለችኝ፣ ደንቡን ገልጣ።
እንባ አልነበረም ይዛ የመጣችው፤ ጥያቄ ነው፣ ያውም ሳትቆጣ።
«ኮሚቴው» አልኩ። ኮሚቴው ሩቅ ነው፤ ስፖንሰር ያስባል፣ ካሜራ ያበዛል፤
የተንጠለጠለ ብረት በስክሪን ያምራል፣ ለቀማ ዓይን ያደነዝዛል።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ይሁን፣ እሱስ ደግ።
ቁናውንስ ማን ይሰፍረዋል? ማን ይፈርዳል በራሱ በሕግ?
ኑ፣ መሥራት እናስተምራችሁ ብለን ጠራን፤
ጥግ ቆሞ ሰዓት መጠበቅ እንደሚያዋጣ አስተማርን።
ዘጠኝ ዓመት ነፍቻለሁ ይችን ፊሽካ።
አንድም ቀን ለኮሚቴው አልጻፍኩም።

ማምሻውን ዋንጫው ሄደ። ወላጅ መኪና ሊያሞቅ ወጣ።
የጽዳት ሠራተኛው ሬይኖ፣ ጉልበቱን እያመመው፣ ጆንያና መጥረጊያ ይዞ መጣ፤
ወለሉን የሞላው፣ ከወንበር ሥር የገባው፣ ብርቱካናማ ኳስ ብቻ፣ ኳስ፤
ኢንከሪ፣ ሳትጠየቅ፣ ሮቦቷን አስነሣች፤ ጉርስ፣ ጉርስ፣ ጉርስ።
ሬይኖ መጥረጊያውን ተደግፎ የጆንያውን አፍ ከፈተላት፤
ሰዓት የለም፣ መስመር የለም፣ እጁን የሚያነሣም የለባት።

እኔ፣ የልማድ ነገር፣ ከበሩ ሥር ቆሜ ቆጠርኩ።
ሁለት መቶ አሥራ አራት።
የሚሞላበት ቅጽ የለም፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።
ያን ማታ እጄን ሳልታጠብ ተኛሁ።