የእንቁላል ቅርፊት

ሺህ አራት መቶ ገጽ፣ ከጡብ የከበደ፣
እኔ እጅ ሳይደርስ በአራት እጅ የሄደ፣
ጀርባው በፕላስተር የተጠጋገነ፣
ዋጋው የሁለት ወር ቤት ኪራይ የሆነ
የፓቶሎጂ መጽሐፍ። በኦሩሮ ብርድ
ደረቴ ላይ አቅፌው ቁልቁለቱን ስወርድ
እሱ ነበር ካፖርቴ።

ከፋኩልቲው በር ላይ፣ ግንቡን ተጠግታ፣
ዶኛ ቤኒግና ከጧት እስከ ማታ
የኦቾሎኒ ሾርባ ትሸጣለች።
(ስሟ ምዕራፍ ሰባት ላይ አለ፣ በላቲን፣
ሰው የማይገድለው የዋሁ ዕጢ ሊሆን።
ስነግራት ሳቀችና «ማን ነገራቸው?» አለች፣
«ጉዳት እንደሌለኝ?» — ጭልፋዋን እያነሣች።)

እኛ በርጩማ ላይ፣ ሳህኑ በጉልበታችን፣
መጽሐፉ በሳህኑ ጎን፣ ፈተና በአናታችን፣
ጮክ ብለን እናጠናለን፦
ጉበቱ እንደ ገውዝ ፍሬ፤
የልብ ሽፋን፣ ቅቤ ተቀብቶ እንደተላቀቀ ዳቦ፤
ነቀርሳ የበላው ሳንባ፣ አይብ፤
የእንቁልጢ ከረጢት፣ ቸኮሌት።
እሷ ከወዲያ ሰምታ፣ ጨው እየነሰነሰች፣
«የጻፉት ሰዎች ርቧቸው ነበር» አለች።

እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ማን ያውቃል፣ ያኔ በጥንቱ፣
ሬሳ ሲከፍት ውሎ የዘገየበት እራቱ
አንድ የተራበ ጎምቱ፣
የሰው ጉበት በእጁ ይዞ፣ ትዝ ብሎት ማዕድ ቤቱ።

ሐምሌ ነበር፤ እዚህ ሐምሌ ማለት ውርጭ ነው።
ከሰሉ አልያያዝ አለ፣ ነፋሱ እየነጠቀው።
እፍ ማለት ሰለቻትና ከመሶቡ ሳይሆን ከጉርዷ ሥር
አንድ ጥቁር ነገር አውጥታ ማራገብ ጀመረች፤
ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ ዘይት የጠጣ፣
ሲወዛወዝ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም።
ራጅ ነበር።

«የማን ነው?»
«የፋውስቲኖ።»
ማራገቧን አላቆመችም።
«ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ ቆፈረ።
ሳል ጀመረው። ኩባንያው ሐኪም ላከ፤
ሐኪሙ ‹ነቀርሳ› ብሎ ጻፈ።
ነቀርሳ ካሳ የለውም።
ነቀርሳ ከቤት ነው የሚመጣው አሉኝ፣ ከመኝታ፣
ከድህነት፣ ምናልባትም ከሾርባሽ።»

ተቀብዬ ወደ ሰማይ ያዝኩት።
ከጥላሸቱ ወዲያ፣ ከጣቶቿ አሻራ ወዲያ፣
ሁለት ሳንባ። የአየር ግንዱ ቅርንጫፍ ከሚያወጣበት
ክብ ክብ ንፍፊቶች፣
ጠርዛቸው ብቻ የነጣ፣ ስስ፣
ውስጣቸው ባዶ የሚመስል።
ገጽ ስድስት መቶ ዘጠና። በቢጫ አስምሬበታለሁ፣
በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እላለሁ፦
እንደ እንቁላል ቅርፊት። የድንጋይ አቧራ ምልክት።
ከኔ በፊት የነበረው ሰው በገጹ ዳር በእርሳስ
«ለፈተና ወሳኝ» ብሎበታል።

ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም።
አቧራ፣ ድንጋይ፣ ንፍፊት፣ ተንተባተብኩ።
«እንቁላል» አለች።
ከዚያ ቆይታ፦
«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሱ ከሰል አያያዝኩ።»

አብረን ሄድን። አንድ መስኮት አለ፣
ከመስኮቱ ኋላ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ኋላ አንዲት ሴት፣
«የይግባኙ ጊዜ ካለፈ ዘጠኝ ዓመቱ» የምትል።
ስትናገር እሷም ታስል ነበር።

ፈተናው መጣ። ጥያቄ አርባ ሦስት።
አልተቸገርኩም። ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።
ሙሉ ነጥብ፣ ለኔ።

በዓመቱ መጽሐፉን ሸጥኩት፣ ከኔ በታች ላለች ልጅ።
ዋጋ ቀነስኩላት፦ ገጽ ስድስት መቶ ዘጠና ላይ
የሾርባ ጠብታ አለ፣ ሁለት መስመር ያደበዝዛል።
ከጠብታው ጎን በእስክሪብቶ፣ በኔው ጽሕፈት፦
ፋውስቲኖ ኮልኬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

ገልጣ አየችው። ጣቷን በስሙ ላይ አሳልፋ፣
«ይሄ» አለችኝ፣ «ለፈተና ይመጣል?»