ዘለላ

በረዶው ከአጥር ሥር ቀልጦ ሳያበቃ
አባቴ ሺዮ ነው ቀድሞን የሚነቃ።
መቀሱን ያነሣል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
የሐረጉን አንድ ዐይን ያያል፣ ሁለተኛው ያመልጠዋል።
«ጺያላ፣ ነይ» ይላል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣
መሸነፉን ፊቱ ላይ እንዳላነብ ፈርቶኝ።
እኔ እቆርጣለሁ፤ ሁለት ዐይን ትቼ፣
የቀረውን ሐረግ ለምድጃ ሰጥቼ።
ከተቆረጠው ጫፍ ጠብታ ይወርዳል፤
ወይን በዚህ ወራት ያለቅሳል ይባላል።
መጀመሪያ ዘለላን በእንባ ይቆጥራል፣
ዕዳውን መስከረም ላይ በፍሬ ይከፍላል፣
በረዶ ከማረው።

ወንድሜ ባድሪ ከፖላንድ ይደውላል፤
የጭነት መኪናው ከኋላው ያጓራል።
«ንቀሉት» ይለኛል፤ «ሽጡት መሬቱን፤
ማን ይጠጣል ዛሬ የሸክላ ጋን ወይን?»
ስልኩን ወደ አባቴ አስጠጋለታለሁ። ጆሮው ከድቶታል፤
«ይሁን ልጄ፣ ይሁን፣ በርታ» ይለዋል።

ሐምሌ ላይ መጣብን። ከሰዓት ነበረ።
ሰማዩ አረንጓዴ ሆኖ ቆየና ጠቆረ።
ሰባት ደቂቃ ነው፣ አውራ ጣት የሚያህል በረዶ ሲወግር፣
ጥሬው ፍሬ ጭቃ ላይ ሲረግፍ፣ ቅጠሉ ሲበጠር።
«ወይኔ! ወይኔ!» አልሁኝ፣ እግሬ ደፍ ላይ ቆሞ፤
መጥራቴ ይሁን ማልቀሴ ሳይገባኝ ፈጽሞ።
አላዛኒ ሞልቶ ደፈረሰ፣ አላዘነም ለእኛ፤
ሦስት ነፍስ ነበርን፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴት፣ አንዲት ልጅ፣ ሁሉም ዝምተኛ።
አባቴ ወጣ። ጎንበስ ብሎ አንድ የበረዶ ጠጠር አነሣ፣
አፉ ውስጥ ጨመረው፤ እስኪሟሟ ቆመ፤ አንዳች አላወሳ።

መስከረም ሲጋመስ ጎረቤቱ መጣ፣ ቢላውን ስሎ፤
ለቀማው እኩለ ቀን ሳይሆን አበቃ፣ ዐሥር ቅርጫት ብሎ።
ማንም ግን አልሄደም። ዳቦና አይብ ቆርሰው፣
የአምናውን ቀድተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣
«ደከመን!» አሉ ለአባቴ፣ ጮክ ብለው፣ እንዲሰማ፤
ደግ ዓመት እንደሆነ፣ ሥራው እንዳደረሳቸው እስከ ጨለማ።

አንድ ነገር ዘለልኩ። ከለቀማው በፊት ጋኑ ይታጠባል።
ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤
የእኛ ግን በቁሙ ተቀብሯል፣ ምድር ትደግፈዋለች።
አፉ ጠባብ ነው፣ የሚገባው ልጅ፤
እኔ ነበርኩ ድሮ፣ የቼሪ ልጥ መጥረጊያ በእጅ።
ዘንድሮ ትከሻዬ አፉ ላይ ቀረ። ሳቀችብኝ
ፒክሪያ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ፣
ገባች። ጨለማው ዋጣት። ድምፅዋ ከሥር ተነሣ፤
«እማዬ፣ እዚህ ሰው አለ! ያልኩትን መልሶ የሚያነሣ!»
አባቴ በደረቱ ተኛ፣ ጆሮውን አፈር ላይ ጥሎ፤
እኔ ሦስቴ ስጮኽበት የማይሰማኝ፣ ምን ሲባል «እ?» ብሎ፣
የተቀበረ ሳቅ ሰማ ያ ሰው፤
«ይኸው» አለኝ፣ «ሰማኋት፣ ይኸው!»

ሚያዝያ ላይ ተከፈተ። ባድሪም መጥቶ ነበር፣
ከገዢ ጋር ስለ መሬቱ ዋጋ ሊነጋገር።
አባቴ በቅል ጨለፈ፤ ሳፔራቪ፣ ሊጠቁር ጥቂት የቀረው፤
አስቀድሞ ለእርሱ ሰጠው።
ባድሪ ጎንጨት አለ። ከንፈሩ ቀላ። ቆየ።
«በረዶ በረዶ ይላል» አለ፣ ወደ ተራራው እያየ።
ጎረቤቱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፤
ሲመሽ ጋኑ ጎደለ፤ የባድሪም ሆድ ባባ።
በጉልበቱ ወረደ። ፊቱን ወደ ጋኑ አፍ ደፍቶ
ስሙን ጠራ ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማው ፈርቶ።
ሙሉ ጋን ድምፅ አይመልስም፤
ጎዶሎው ግን መለሰለት፣ ሁለት ጊዜ፣ በስም።
አባቴ ከጓሮ፣ መቀሱን እየሳለ፣
«ማነው የመጣው?» አለ።