ሰሙን ያፈሰሰች

ከቴማ ወደብ ዳር፣ ከፋብሪካው በር ላይ፣
ኬንኬ እሸጣለሁ ከጧት ጭጋግ እስከ ቀትር ፀሐይ።
ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምቆጥረው ሳህን፤
ሳህኑ ይነግረኛል የአገር ደኅና መሆን።
መቶ ሳህን ሲያልቅ ማሽኑ ይጮኻል፤
ሠላሳ ሲቀረኝ አንድ ነገር ታሟል።

አራባ ኩዋንሳ የምትባል ልጅ ነበረች፤
ነበረች ስል፣ አልሞተችም፤ ዛሬም አለች።
ጣቷን ቀለም የበላት፣ ምሳዋን በዱቤ የምትበላ፣
በአንድ እጇ ዓሣ፣ በሌላው እርሳስ፣ ከአግዳሚዬ ኋላ።
አንድ ቀን ጉንዳኖች ከፍርፋሪዬ ሥር
ሲሄዱ አየች፤ ቀጭን፣ ጠመዝማዛ መስመር።
ጎንበስ ብላ ቀረች፤ ዓሣው ቀዘቀዘ፤
እርሳሷ ጉንዳኑን ተከትሎ ተጓዘ።
ሰባት ወር ፈጀባት። ስንቱን ቀደደችው!
«ጉንዳን አይታክትም» ብላ ሰየመችው።

ሰሙ በጨርቁ ላይ ፈስሶ ሲረጋ፣
ቀለሙ በስንጥቁ ገብቶ ሲወጋ፣
ሰሙ ሲታጠብ ነው ወርቁ ብቅ የሚለው።
የማኮላ ሴቶች በጥቅል ጨረሱት፤
ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለክርስትና ለበሱት።
ልብስ ሰፊው ላርቴ ረዳት ወሰደ፤
የእኔም ሁለት ድስት ሦስተኛ ወለደ።

በስድስተኛው ወር መርከብ መጣ። ከየት? አልጠየቅሁም።
ኮንቴይነሩ ሲከፈት ያው ጉንዳን፣ ያው መንገድ፣ ያው ስም፤
ጠርዙ ላይ የፋብሪካችን ማኅተም ሳይቀር፤
ዋጋው ግን ግማሽ፤ ቀለሙም ሦስት እጥበት የማይሻገር።
ገልባጩ ሰባት ወር አልፈጀም፤ ሰባት ደቂቃ በቃው፤
አንድ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ የቀረውን ማሽን ተወጣው።
ሰሙን ያፈሰሰች እዚህ፤
ወርቁን ያፈሰ ባሕር ማዶ።

መቶው ሳህን ሰማንያ ሆነ፤
ሰማንያው አርባ፤ የማታው ፈረቃ እንደ ጉም በነነ።
ላርቴ ረዳቱን ሸኘ። የቀለም በርሜል አመላላሹ ሹፌር
በዱቤ በላ፣ በላ፣ ቀረ፤ ዱቤው ነው ከእኔ ጋር የሚያድር።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ አፌ ከሆዴ አይደበቅ፤
ያንን ጨርቅ ስድስት ያርድ ገዝቻለሁ፤ ርካሽ ነበር፤ ማንም አይሳቅ።
ለእህቴ ልጅ ሠርግ ለብሼው ጨፈርሁ፤
በሦስተኛው እጥበት ጉንዳኖቹ ፈሰሱ፤ ገንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ።
ለካ የገዛ ድስቴን በገዛ እጄ ደፍቼው ኖሯል፤
በግማሽ ዋጋ የገዛሁት ሙሉ ድስት አስከፍሎኛል።

አራባ አላለቀሰችም። ከመሳቢያዋ ያንን ወረቀት አወጣች፤
ቀን የተጻፈበት፣ የዓሣዬ ዘይት የነካው፤ ለጠበቃው አይኩዊ ሰጠች።
እኔ ሕግ ሲባል የማውቀው፣ አግዳሚዬን የሚገለብጥ
ፖሊስ ነበር፤ ለካ ሌላም ሕግ አለ፣ ገልባጩን የሚገለብጥ።
«የቅጂ መብት» ይባላል አሉ በወረቀት ቋንቋ፤
በእኔ ቋንቋ ክዳን ነው፤ ድመት ዓሣዬን እንዳትሄድ ነጥቃ።

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር። ቀጠሮ በቀጠሮ።
ዳኛዋ ወረቀቱን አሸተተችው አሉ፤ እውነት ይሁን ተጨምሮ።
ከአስመጪው የካሳውን ግማሽ አገኘች፤ ግማሹ ዛሬም በይግባኝ፤
የኩማሲ ፋብሪካ ግን መጥቶ፣ ፈርሞ፣ ከፍሎ አተመ፤ ይህ ነው የገረመኝ።
ከዚያች ክፍያ ለእኛው ፋብሪካም ደረሰ፤
አንዱ ማሽን ዘይት ቀመሰ።

ትናንት ማታ ጮኸ። አንዱ ብቻ፤ ሌሎቹ ገና ዝም።
ሰባ ሁለት ሳህን። መቶ አይደለም።
ሹፌሩ ተመልሶ ዱቤውን ከፈለ፤
የሁለት ዓሣ ሒሳብ ግን ጎደለ፤
ልተወው?
አልተውም።

አራባ ዛሬም ከአግዳሚዬ ኋላ፣ እርሳሷን ነክሳ፣
የዓሣ አጥንት ታገላብጣለች፣ ጣል አድርጋ፣ መልሳ አንስታ።
«ይህንንም ከሣልሽው፣ አጥንቱ የእኔ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤
ሳቀች፤ የምሳዋን ከፈለች፤
በዱቤ አልነበረም፤
መልሱን ሁለቴ ቆጠርሁ።